ምስሉ ሲናገር፦ የባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ብልሽትና ከአደጋ የራቀ ጥገናው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልደታ፣ እኖርበት በነበረው ግቢ ውስጥ፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የቤተሰቡን አሮጌ ቴሌቪዥን ለመጠገን ተነሣ። የዕቃው ድምፅ ደኅና ነው፤ ምስሉ ግን በስክሪኑ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ ወደ ተዘረጋ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ተለውጧል። ልጁ ጠንቃቃ ነበርና በመጀመሪያ ገመዱን ከሶኬት ነቀለ፤ ከዚያም የኋላ ሽፋኑን ፈታ። በቱቦው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ክብ የጎማ ቆብ በካቻቢቴ ሊያነሣ ሲሞክር ግን ክንዱ ተስፈንጥሮ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። ደግነቱ ከክርኑ መላላጥ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። በማግሥቱ በአቅራቢያው የሚሠራ የጥገና ባለሙያ ዕቃውን ሲመረምረው ብልሽቱ በአንዲት የለቀቀች የብየዳ ነጥብ ላይ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ራሱን ለአደጋ ያጋለጠበት ቆብ ከችግሩ ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር አልነበረም።

ይህ አጋጣሚ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። አንደኛው፣ ከሶኬት የተነቀለ ቴሌቪዥን እንዴት ሰውን ሊነዝር ይችላል? ሁለተኛው፣ ልጁ ሽፋኑን ከመፍታቱ በፊት ብልሽቱ የት አካባቢ እንዳለ ሊያውቅ ይችል ነበርን? ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ነው። የባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን በመስታወቱ ላይ ይተዋል። ይህን ምልክት ማንበብ የሚችል ሰው ሽፋኑን የሚከፍተው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም መክፈት ሳያስፈልገው ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ምልክቶቹን እንዴት እንደምናነብና በተነቀለ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ የሚቆየው አደጋ ምን እንደሆነ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ስለ አሮጌ ዕቃ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ምስል ነበር። ባለ ቀለም መደበኛ ሥርጭት የተጀመረው ደግሞ ኢሠፓ በተመሠረተበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በየቤቱ የገቡት ቴሌቪዥኖች ለረጅም ጊዜ ባለ ቱቦዎች ነበሩ። ዛሬ ገበያውን ጠፍጣፋዎቹ ስክሪኖች ቢቆጣጠሩትም አሮጌዎቹ ከሳተላይት መቀበያ ጋር ተያይዘው የሚያገለግሉባቸው ቤቶች አልጠፉም። በሌላ በኩል በዓለም ላይ የሥዕል ቱቦ ያመርቱ የነበሩት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ተዘግተዋል። ስለዚህ በጥንቃቄ ጉድለት የተሰበረ ቱቦ ምትክ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

ልደታ ለእጅ ሙያ እንግዳ አይደለችም። ተግባረ ዕድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቴክኒክ ሙያ ሲያስተምር የኖረው በዚሁ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ ሙያ ሳይኖራቸው ካቻቢቴ ብቻ ይዘው የሚነሡ ወጣቶች በየሠፈሩ አሉና ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከዚህም ሌላ አንድ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ኤሌክትሮስታቲክስን፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝምን፣ የቀለም ሳይንስንና የቫክዩም ፊዚክስን በአንድ ሣጥን ውስጥ አሰባስቦ የያዘ ቤተ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

ምስሉ እንዴት ይፈጠራል?

የሥዕል ቱቦው አየር ተመጥጦ የወጣለት ትልቅ መስታወት ነው። መሠረቱ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው የካቶድ ጨረር ቱቦ ነው። በቱቦው ቀጭን አንገት ውስጥ ማሞቂያና ካቶድ ይገኛሉ። ማሞቂያው በ6.3 ቮልት ገደማ ሲግል ካቶዱ ኤሌክትሮኖችን ይተፋል። በባለ ቀለም ቱቦ ውስጥ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ፣ በድምሩ 3 የኤሌክትሮን ምንጮች አሉ።

ኤሌክትሮኖቹን ወደ ፊት የሚስባቸው በጎማው ቆብ ሥር የሚገባው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ይህም በመካከለኛ መጠን ባለ ቀለም ቴሌቪዥን 25,000 ቮልት ገደማ ይደርሳል። በዚህ ቮልቴጅ የተገፋ ኤሌክትሮን የብርሃንን ፍጥነት 30 በመቶ ያህል፣ ማለትም በሰከንድ 90,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይኖረዋል። ከመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተቀባው ፎስፈር ጋር ሲጋጭም ፎስፈሩ ብርሃን ይሰጣል።

ጨረሩ ግን በራሱ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ሙሉ ምስል የሚሆነው በቱቦው አንገት ላይ የተጠመጠሙት ሽቦዎች፣ ባለሙያዎች ዮክ የሚሏቸው፣ በመግነጢሳዊ ኃይል ጨረሩን ሲያንቀሳቅሱት ነው። እኛ በምንጠቀምበት ሥርዓት እያንዳንዱ ሙሉ ምስል 625 መስመሮች ሲኖሩት በሰከንድ 25 ምስሎች ይሣላሉ። ስለዚህ ጨረሩ በየሰከንዱ 15,625 ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ 50 ጊዜ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ስክሪኑን ይጠርጋል። የመጀመሪያውን የአግድም ጠረጋ፣ ሁለተኛውን የቁልቁል ጠረጋ እንበላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቁልፍ ነገር ማስተዋል ይገባል። 25,000ውን ቮልት የሚያመነጨው ፍላይባክ የተባለው ትራንስፎርመር የሚሠራው በአግድም ጠረጋው ክፍል ኃይል ነው። ስለዚህ የአግድም ጠረጋው ክፍል ሲሞት ከፍተኛው ቮልቴጅም አብሮ ይሞታል፤ ስክሪኑም ይጨልማል። የቁልቁል ጠረጋው ክፍል ሲሞት ግን ከፍተኛው ቮልቴጅ አይነካም። የልጁ ቴሌቪዥን ብርሃን እያለው ወደ አንድ አግዳሚ መስመር የተሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ «ከፍተኛው ቮልቴጅ ደኅና ነው፤ የአግድም ጠረጋውም ደኅና ነው፤ የጠፋው ከላይ ወደ ታች የሚጠርገው ነው» እያለ ይናገር ነበር።

ሽፋኑ እንደተዘጋ መመርመር

የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው ወይስ ወደ እርሱ የሚገባው ምልክት?» የሚል ነው። ይህን ለመለየት የሚያስችል ቀላል ዘዴ አለ። በቴሌቪዥኑ በራሱ ሪሞት የቴሌቪዥኑን ሜኑ ክፈቱ። የሜኑው ጽሑፍ የሚሠራው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ስለሆነ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ሳለ ፕሮግራሙ ብቻ ከተበላሸ ችግሩ ከውጭ ነው። በዚህ ጊዜ ገመዱን፣ ሪሲቨሩንና ዲሹን መፈተሽ ይበቃል። ለምሳሌ ምስልን የሚያመጣው ቢጫ ገመድ ሲላላ ምስሉ ይጠፋል፤ በቀይና በነጭ ገመዶች የሚመጣው ድምፅ ግን ይቀጥላል። ምስሉ ጥርት ብሎ ቀለም ብቻ ካጣ ደግሞ የሪሲቨሩ ወይም የቴሌቪዥኑ የቀለም ሥርዓት ከፓል ወደ ሌላ ተቀይሮ እንደሆነ ተመልከቱ። ሜኑውም አብሮ ከተበላሸ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነውና ወደሚከተሉት ምልክቶች እንለፍ።

አንድ አግዳሚ የብርሃን መስመር፦ የቁልቁል ጠረጋው ክፍል ቆሟል። ተደጋግሞ የሚታየው ምክንያት በሙቀት ብዛት የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የተቃጠለ አይሲ ነው። መስመሩ በአንድ ቦታ ከቆየ ፎስፈሩን አቃጥሎ ዘላቂ ጠባሳ ስለሚተው ዕቃውን ወዲያው ማጥፋት ይገባል።

አንድ ቀጥ ያለ የቁም መስመር፦ ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ብርሃን መኖሩ ፍላይባኩ እየሠራ መሆኑን ስለሚያመለክት ጥርጣሬው ወደ ዮኩ የአግድም ሽቦ ወይም ወደ ማገናኛው ያዘነብላል።

ድምፅ እያለ ስክሪኑ ሲጨልም፦ የእጃችሁን ጀርባ ወደ መስታወቱ ፊት አስጠጉ። ዕቃው ሲበራ የእጃችሁ ጠጉር ከቆመ ከፍተኛው ቮልቴጅ አለ ማለት ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ በኋላ ሽፋኑ ቀዳዳዎች፣ ምንም ነገር ሳታስገቡ፣ በዓይን ብቻ ተመልከቱ። በቱቦው አንገት ውስጥ ብርቱካናማ ፍካት ከታየ ማሞቂያው ደኅና ነው።

ቀለሙ ሲዛባ፦ ነጭ መሆን የሚገባው ነገር ወይን ጠጅ ወደ መሰለ ሐምራዊ ካደላ አረንጓዴው ጎድሏል፤ ወደ ቢጫ ካደላ ሰማያዊው ጎድሏል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀሉበት ከመሰለ ቀዩ ጎድሏል። ጥፋቱ በቱቦው አንገት ላይ በተሰካችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ወይም በቱቦው በራሱ ሊሆን ይችላል።

በማዕዘን ላይ የሚታይ የቀለም ነጠብጣብ፦ ይህ ብልሽት ሳይሆን መግነጢስ ነው። ከፎስፈሩ በስተ ኋላ ያለው ቀዳዳማ ብረት ሲመገነጥስ ጨረሩን ከመንገዱ ያስተዋል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን የተቀመጠ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያውን አርቁና ዕቃውን ለ30 ደቂቃ ያህል አጥፍታችሁ አብሩት። ሲበራ «ድም» የሚል ድምፅ የምንሰማው መግነጢሱን የሚያጠፋው ሽቦ ሲሠራ ነው። በየመካከሉ መቀዝቀዝ ስላለበት ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት አይረዳም።

የሚጠብና ጎኑ የሚወዛወዝ ምስል፣ ወይም ሁለት የጠቆሩ አግዳሚ ጥላዎች፦ የኃይል ማጣሪያው ትልቁ ካፓሲተር ደርቋል ተብሎ ይጠረጠራል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሙሉ ሞገዱ ሲስተካከል 100 ኸርዝ መንቀጥቀጥ ይቀራል። ጨረሩ በሰከንድ 50 ጊዜ ቁልቁል ሲጠርግ በእያንዳንዱ ጠረጋ ሁለት ጥላ መታየቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ በአንዳንድ አሮጌ ዕቃዎች የመስመሩ ቮልቴጅ መውረድም ምስሉን ሊያጠበው ይችላልና አስቀድሞ እርሱን መለካት ያስፈልጋል።

ሲበራ የሚደበዝዝና ቀስ በቀስ ብቻ የሚጠራ ምስል፦ ካቶዱ አርጅቷል። ይህ የዕድሜ ጉዳይ በመሆኑ አስተማማኝ መድኃኒት የለውም።

ከተነቀለ በኋላ የሚቆየው ኤሌክትሪክ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በዕቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚጠራቀምባቸው ሁለት ዋና ቦታዎች አሉ።

አንደኛው ቱቦው ራሱ ነው። የመስታወቱ ውስጥና ውጭ በሚያስተላልፍ የካርቦን ቅብ ተሸፍነዋል። ሁለት አስተላላፊዎች በመካከላቸው መስታወት ሲኖር ካፓሲተር ይሆናሉ፤ ይህንንም በፊዚክስ ትምህርት ተምረነዋል። መጠኑ 2 ናኖፋራድ ቢሆንና 25,000 ቮልት ቢይዝ የተጠራቀመው ጉልበት 0.6 ጁል ያህል ይሆናል። የልጁን ክንድ ያስፈነጠረው ይህ ነበር። ከንዝረቱ ይልቅ የሚያሠጋው ድንገተኛው መስፈንጠር ነው፤ እጅ የቱቦውን አንገት ሊሰብር ወይም ቱቦው ሊወድቅ ይችላል።

የዚህን ትርጉም በቁጥር እንየው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እንዲያም ሆኖ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ስክሪን ፊት ላይ ብቻ 900 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነገር የተጫነ ያህል ኃይል ያርፋል። የተሰነጠቀ ቱቦ ወደ ውስጥ ተንዶ የመስታወት ስባሪ የሚረጨው ለዚህ ነው። የከፍታው ነገር ሌላም ጎን አለው። ሳሳ ያለ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል አቅሙ አነስተኛ በመሆኑ በአቧራ የተሸፈነ የጎማ ቆብ እዚህ ከተማ ውስጥ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ለብልጭታ የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ትልቁ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተር ነው። 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲስተካከል ጫፉ 310 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ካፓሲተሩ 220 ማይክሮፋራድ ቢሆን የሚይዘው ጉልበት ከ10 ጁል በላይ ነው፤ ይህም ከቱቦው ከ15 እጥፍ ይበልጣል። ቮልቴጁ ከቱቦው እጅግ ያነሰ ቢሆንም ለሰው የከፋው ይህኛው ሊሆን ይችላል። ዕቃው ደኅና ሲሆን ሲጠፋ ክምችቱን በአብዛኛው ይጨርሰዋል። የኃይል ክፍሉ የተበላሸ ዕቃ ግን ክምችቱን የሚወስድለት ስለሌለ ለረጅም ጊዜ ይዞት ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም የሞተ የሚመስለው ቴሌቪዥን ከሚሠራው የበለጠ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል።

የባለሙያው አሠራር

ከዚህ በታች የቀረበው ተማሪ ብቻውን እንዲሞክረው ሳይሆን፣ ልምድ ባለው አስተማሪ ወይም ባለሙያ ፊት ሲቆም የሚያየውን እንዲረዳ ታስቦ ነው።

ባለሙያው ብቻውን አይሠራም፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያወልቃል፤ ዓይኑን ይሸፍናል። ገመዱን ከነቀለ በኋላ ትልቁን ካፓሲተር በቀጥታ በካቻቢቴ አያገናኘውም፤ ተስማሚ ሬዚስተር ተጠቅሞ ቀስ ብሎ ያራግፈውና ባዶ መሆኑን በቮልት መለኪያ ያረጋግጣል። የቱቦውን ክምችት ደግሞ ለከፍተኛ ቮልቴጅ በተሠራ መሣሪያ፣ አንድ እጁን ከዕቃው አርቆ፣ በቱቦው ጀርባ ላይ ወደ ተዘረጋው የተጎነጎነ የምድር ሽቦ ያራግፈዋል። መስታወቱ የቀረውን ክምችት ቆይቶ ስለሚመልስ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይደግመዋል።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ ወደ ጠቆመው ክፍል ብቻ ይሄዳል። በሰሌዳው ላይ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ያለበት ብየዳ፣ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ወይም የጠቆረ ሬዚስተር በዓይን ይፈልጋል። ካፓሲተር ሲቀይር አቅሙን እኩል፣ የሚችለውን ቮልቴጅ እኩል ወይም የበለጠ አድርጎ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፉን ሳያዛባ ይተካል። የተቃጠለ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ አይተካም፤ ይህ በየሠፈሩ የሚታይ አጉል ልማድ የእሳት መንሥኤ ነው። በዚያ ፈንታ በፊውዙ ቦታ 100 ዋት የሚሆን አሮጌውን ዓይነት አምፖል ያገባል። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ደምቆ ከደበዘዘ መቀጠል ይቻላል።

ዕቃው እየበራ ልኬት መውሰድ ካስፈለገ የሰሌዳው አንድ ክፍል በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ መሆኑን ያውቃልና በመለያ ትራንስፎርመር በኩል ያበራዋል። ምስሉን ለማድመቅ ብሎ ዋናውን ቮልቴጅ አይጨምርም፤ የመከላከያ ክፍሉንም አያቋርጥም። ቮልቴጁ ከተወሰነለት በላይ ሲወጣ ኤሌክትሮኖቹ የሚፈጥሩት ኤክስሬይ ስለሚበረታ መስታወቱ ሊያስቀረው ከሚችለው ሊያልፍ ይችላል።

ማቆምም ሙያ ነው

ለቤት ባለቤት የሚበቃው ጥቂት ነው። ምልክቱን በሚገባ አይቶ ለባለሙያው መንገር፣ መብራት ሲሄድ ገመዱን መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ታግሦ መሰካት፣ የአየር ቀዳዳዎቹን በጥልፍ ጨርቅ አለመሸፈን፣ ማጉያን ከጎኑ ማራቅ ብዙ ብልሽት ይከላከላል። ካቶዱ ያረጀ ወይም ፍላይባኩ የተቃጠለ ዕቃ ግን ሊወጣበት የሚገባው ገንዘብ ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ መሰንበት ይገባል፤ ቱቦውን ግን ሰብሮ መጣል አይገባም። የባለ ቀለም ቱቦ መስታወት እርሳስ ስለያዘ ስባሪው አፈርንና ውኃን ይበክላል።

የልደታው ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ሙያውን አልተወውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያው ባለሙያ ሱቅ በራፍ ላይ እየቆመ ደንበኞች ይዘው የሚመጡትን ቴሌቪዥን ሲመለከት እናየው ነበር። ባለሙያው አንድ ዕቃ ሲመጣለት ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት አብርቶ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ያየዋል። ከዚያም ወደ ልጁ ዞሮ «እስቲ አንተ ንገረኝ፣ የቱ ጋ ነው?» ይለዋል። ልጁ በትክክል ሲመልስ ብቻ ሽፋኑ ይፈታል።